ሙዚቃ ቤቱ ዝም ያለ ዕለት

ከቤቴ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ አንድ ሙዚቃ ቤት አለ። ባለቤቱ ሁለት ልጆች ያሉት፣ ሰው አክባሪ ጎልማሳ ነው። ጠዋት በሩን ከፍቶ ድምፅ ማጉያውን ደጃፉ ላይ ያወጣና እስኪመሽ ያዘፍነዋል። ከተማችን ንፋስ መውጫ ነፋሷ ብዙ ነው፤ ዘፈኑ አንዳንዴ እየተቆራረጠ፣ አንዳንዴ ጆሮዬ ሥር ያለ ይመስል ጎልቶ ይመጣል። በመጀመሪያ ዓመታት ይረብሸኝ ነበር። በኋላ ለመድሁት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ቀኑ ምን ያህል እንደሄደ የማውቀው በእሱ ሆኗል።

የምጽፈው ይህ ሙዚቃ ቤት ረፋዱ ላይ ዝም ስላለበት አንድ ቅዳሜ ነው። ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ያን ጊዜ መንገዱ ሰላም ነበር፤ ሰው ከእስቴ ጋይንት፣ ከጋይንት ስማዳ ሳይጨነቅ ይመላለስ ነበር።

ለሰው የማወራው ጉዳይ አይደለም እንጂ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አንዲት ዘፋኝ መድረክ ላይ ቆማ ስትዘፍን ለማየት ስመኝ ኖሬያለሁ። ስሟን መጻፍ አያስፈልግም፤ በእኔ ዕድሜ ያለ የዚህ አገር ሰው ሁሉ ያውቃታል። መጀመሪያ የሰማኋት ታላቅ ወንድሜ ቤት ነው። ወንድሜ ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ወጣ ብሎ ባለው የአባታችን መሬት ላይ የቀረ ገበሬ ነበር። አንድ ዓመት ምስሩ ሸጋ ሆኖ ያዘለትና ደብረ ታቦር ወርዶ ካሴት የሚያጫውት ሬዲዮ ይዞ መጣ። የገዛው ካሴት አንድ ብቻ ነበር፤ የእሷ። እኔ ያኔ ደብረ ታቦር ቤት ተከራይቼ ሁለተኛ ደረጃ እማር ነበርና የምሰማው ለክረምት ስመለስ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አንድ ገጽ ብቻ። ከዚያ በላይ አይፈቅድም። ያለቀውን የባትሪ ድንጋይ አጥሩ ላይ ፀሐይ እያስመታ፣ ትንሽ ሲያገግም መልሶ ይከተዋል። ድንጋዩ ሲደክም ድምጿም ይወፍርና ወንድ ይመስላል። እሱ በዚህ ይስቃል፤ እኔ እናደዳለሁ።

በዚያ ካሴት ላይ ከየስንኙ በፊት የምትስበው ትንፋሽ ይሰማ ነበር። አጭርና ስለታም ነው። ሌላው ሰው ዘፈኑን ሲያዳምጥ እኔ ያን ትንፋሽ እጠብቅ ነበር። ያቺን ሴት በአካል ቆማ ስትተነፍስ ማየት ፈለግሁ። ምኞቴ ይኸው ነው፤ ትልቅ አይደለም።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ከአንድ የኪነት ቡድን ጋር ደብረ ታቦር መጣች። መግቢያ ይዤ ነበር። በዕለቱ ከክፍል ስወጣ አባቴን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከስማዳ ድረስ በእግርና በጭነት መኪና ሁለት ቀን ተጉዞ። «አያትሽን ትንሽ አሟታል፤ እንሂድ» አለኝ። መንገዱን ሙሉ ስለ ትምህርቴ ጠየቀኝ። አያቴ ከተቀበረች ሳምንት አልፏት ነበር። የተነገረኝ ቤት ገብቼ፣ በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ነው።

በእኛ አገር ሞት እንዲሁ አይነገርም። የሞተበት ሰው ብቻውን ሳለ ወይም መንገድ ላይ ሳለ መርዶ አይረዳም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሊነጋ ሲል በሩ ይንኳኳል። እስከዚያ መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም። እስኪነገረው ድረስም ሐዘንተኛ አይደለም፤ ቢበላም ቢስቅም ገበያ ቢሄድም ማንም አይፈርድበትም። ከተነገረው በኋላ ግን ጥቁር ይለብሳል። ዘፈን ወዳለበት አይደርስም። ቤቱ ያለው ሬዲዮ እንኳ እስከ ሙት ዓመቱ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል።

ዘፋኟ ሁለተኛ ጊዜ ወደ እኛ አገር፣ ባሕር ዳር ስትመጣ ባሌ ከሞተ አራተኛ ወሩ ነበር። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ተሰባስበው ሄዱ። እኔ ጥቁሬን ለብሼ መዝገብ ቤት ተቀምጬ ፋይል ስመዘግብ ዋልሁ። ሲመለሱ እንዴት ነበረች ብዬ አልጠየቅሁም። እነሱም ለሐዘንተኛ የዘፈን ወሬ አይወራም ብለው ዝም አሉ።

ከዚያ ሠላሳ ዓመት ያህል አለፈ። ታመመች ተባለ፤ ውጭ አገር ቀረች ተባለ፤ ዘፈን ተወች ተባለ። እኔም ተውሁት። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ግን የከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለቤተ መጻሕፍት ማሠሪያ ዝግጅት ማሰናዳቱ ተሰማ። መኪና ላይ ማጉያ ጭነው በየመንደሩ እየዞሩ ስሟን ጠሩ።

ወሬውን ቤት ይዛ የገባችው የእህቴ ልጅ ናት። ነርስ ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እኔው አሳድጌያት ከእኔ ጋር ነው የምትኖር።

«እትዬ፣ ላይቭ ነው እኮ! ሙሉ ባንድ ይዛ ነው የምትመጣው። ፕሌይባክ አይደለም።»

«ፕሌይባክ ምንድን ነው?»

«ካሴቱን ከፍተው አፋቸውን ብቻ የሚያንቀሳቅሱት።»

«ለእሱማ ጎረቤቴ አለልኝ» አልኋት።

ጎረቤቴም አልቀረ፤ መግቢያውን ራሱ ይዞልኝ መጣ። «እማማ፣ ከፊት ወንበር ነው ያስያዝሁልዎ። ዘንድሮስ አታመልጥዎትም!» አለኝ። እንደምመኛት እንዴት እንዳወቀ እንጃ። የእህቴ ልጅ ነግራው ይሆናል። ያን ሳምንት ሙሉ የእሷን ዘፈን ብቻ ሲያጫውት ሰነበተ።

ወንድሜ በልብ ሕመም ዓመት ያህል ተኛ ተነሣ ሲል ቆይቶ ነበር። እሑድ እሑድ እደውልለት ነበር። ነገርሁት።

«የት? ጋይንት ድረስ?» አለ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ለዘመድ ሁሉ ይነገርልን፤ ይጠንቀቅ። አንቺ እሷን ለማየት በተነሣሽ ቁጥር ከቤታችን አንድ ሰው ይወጣል።»

«ምን ዓይነት ቀልድ ነው?»

«አያታችንን በላሻት፤ ባልሽን በላሽው። እኔን እንግዲህ ባለሁበት ተዪኝ፣ እህት ዓለም።» ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ሳል አቋረጠው። ሳሉ ሲበርድለት፣ «ሂጂ። ድምፅ ተርፏት እንደሆነ አይተሽ ንገሪኝ» አለኝ።

ዝግጅቱ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነበር። ጠዋት ሙዚቃ ቤቱ እንደ ወትሮው ተከፈተ። እኔ ቀሚሴን እየተኮስሁ ነበር። አምስት ሰዓት ገደማ፣ ዘፈኑ መሐል ላይ ሳለ፣ ተቋረጠ።

መብራት የሄደ መሰለኝ። ካውያውን አየሁት፤ ቀዩ መብራቱ በርቷል። ነፋሱ ይሆናል ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁ። ነፋስም አልነበረም። በመስኮት ስመለከት ጎረቤቴ ድምፅ ማጉያውን ወደ ውስጥ አስገብቷል። በሩን ገርበብ አድርጎ ደጃፉ ላይ ቆሞ ወደ ቤቴ ያያል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እንደ ሌላው ቀን እጁን አውለብልቦ «እማማ!» አላለም። አንገቱን ደፍቶ እጅ ነሣኝና ዞር አለ።

ካውያውን አቆምሁ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት የወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። ሰው አፉን ሳይከፍት ምን ይዞ እንደመጣ ማየት በዚያ ሥራ ልማድ ይሆናል። በሰፈራችን ሰው ሲሞት ሙዚቃ ቤቱ ሦስት ቀን እንደሚዘጋ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ሁላችንም ለቅሶ ቤት ስለምንውል የሞተው ማን እንደሆነ እናውቃለን። ሞቶ እኔ ብቻ የማላውቀው ሰው ካለ፣ የሞተው የእኔ ነው።

ስልኬን አነሣሁ። የወንድሜን ቁጥር አወጣሁ። ጥቂት አየሁትና መልሼ አስቀመጥሁት። ከዚያ ቀሚሱን ተኩሼ ጨረስሁ።

ብዙም ሳይቆይ የእህቴ ልጅ ከሥራ መጣች። ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥባ ነበር። በእንዲያ ያለ ሰዓት የታጠበ ፊት ያስታውቃል።

«ምነው ቶሎ መጣሽ?»

«ተራ ቀየርሁ።»

«ለዘፈኑ ነዋ።»

«እ… አዎ። እትዬ፣ ብርዱን ግን አይተውታል? ሜዳ ላይ ነው እኮ። ጉንፋንዎ ሳይለቅዎ…»

«ጉንፋን መቼ ያዘኝ?»

«ሊይዝዎ ይችላል ብዬ ነው።»

«እንግዲያው ሲይዘኝ ታክሚኛለሽ» አልኋት። ወደ ጓዳ ገባች። ድስት አንሥታ መልሳ ስታስቀምጥ ይሰማኛል፤ የምትሠራው ነገር ግን አልነበረም።

ከዚያ የዕድራችን ዳኛ መጡ፤ ሁለት የዕድር ሰዎች አስከትለው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩ ሰው ናቸውና ከተማው ሁሉ መምህር ነው የሚላቸው። በልጅነታቸው ስማዳ ውስጥ ከወንድሜ ጋር አብረው ፊደል የቆጠሩ ናቸው፤ እኔንም ገና በጡት ሳለሁ ያውቁኛል። ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠርዙን በጣታቸው ያዞሩት ጀመር።

«ዛሬ መቼም ከተማው ሁሉ ሜዳ ሊወርድ ነው» አሉ።

«እኔም ልወርድ ነው።»

«ሰምተናል። እንግዲህ… የግድ ነው?»

«የግድስ አይደለም። የሚያስቀረኝ ነገር አለ፣ መምህር?»

ሦስቱም ተያዩ። አለ ቢሉ መርዶው በቀትር፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ ሊወጣባቸው ነው፤ ከእስቴ መካነ ኢየሱስ የሚመጣው ያጎቴ ልጅ ገና መንገድ ላይ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። የለም ቢሉ ደግሞ እኔን የሚያስቀሩበት ምክንያት የለም። አውቄ ነው የጠየቅኋቸው። ደግ ሥራ አልነበረም።

«ኧረ የለም! ምን ኖሮ!» አሉ መምህር ቸኩለው። «ብቻ ሕዝቡ ይበዛል። ጎረምሳው ይጋፋል።»

«ከፊት ወንበር ተይዞልኛል።»

«ማጉያው ደግሞ ጆሮ ይበሳል።»

«ማጉያ ፊት ለፊቴ አድርጌ ስንት ዓመት ኖርሁ። ዛሬ ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ዝም ብሏል።»

አንደኛው የዕድር ሰው በድንገት ሳል ያዘው።

«በሉ እንግዲያው አብረን እንውረድ» አሉ መምህር በመጨረሻ።

«እርስዎም?»

«ምነው? እኔስ ዘፈን አልወድም?»

ሠርግ ላይ እንኳ ዘፈን ሲጀመር ጋቢያቸውን ሰብስበው የሚነሡ ሰው ናቸው። ጓዳ ያለችው የእህቴ ልጅ በዚያ ሰዓት ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየ ድምፅ አወጣች።

ለምን እንደሄድሁ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ካልተነገረኝ አልሞተም ብዬ አይደለም፤ እንዲያ ያለ ሞኝነት የለብኝም። ማወቄን ብናገር ግን ያች ከሰዓት በኋላ ትወሰድብኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሙት ዓመት አለ። ከሙት ዓመቱ ወዲያ እኔም እሷም የት እንደምንሆን አይታወቅም። ልማዱ ሁለት ጊዜ ወስዶብኛል፤ አንድ ጊዜ ልውሰድበት አልሁ። ይህን በቃል ያሰብሁት አሁን ስጽፈው ነው። ያኔ ቀሚሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ እንጂ ሌላ አላሰብሁም።

በመንገድ ላይ የሚያውቁኝ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉኝ። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ሞልቶ ነበር። ወደ ፊት ስንሄድ ሰው ዝም ብሎ መንገድ ከፈተልን። ከፊት ረድፍ ተቀምጠው የነበሩት እኔን ሲያዩ አንድ ሁለት እያሉ ተነሥተው ወደ ኋላ ሄዱ። ስለዚህ ጢም ባለ ሕዝብ መሐል እኛ አምስታችን፣ ግራና ቀኛችን ባዶ ወንበር ሆኖ ተቀመጥን። መምህር በቀኜ፣ የእህቴ ልጅ በግራዬ፣ ሁለቱ የዕድር ሰዎች ዳርና ዳር። ለቅሶ ቤት የምንቀመጠው እንዲሁ ነው።

መጀመሪያ ወጣቶቹ ዘፈኑ። ሳክስፎኑ ሲጮኽ የዕድር ሰዎቹ ይደነግጣሉ። መምህር ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ዳዊት እየደገሙ ነበር።

ከዚያ እሷ ወጣች። ካሰብኋት አጭር ሆና አየኋት። ጉልበቷን ያማታል መሰለኝ፣ አንድ ሰው ክንዷን ይዞ አስቀመጣት። ከፍ ያለ ወንበር ላይ ሆና ነው የዘፈነችው፤ አልቆመችም። ክራሩ ጀመረ፣ ማሲንቆው ተከተለ፣ እሷም ከንፈሯን ከፈተች። ድምጿ ተርፏት ነበር። ቀጥኗል፣ ወደ ላይ ሲወጣም ይሰነጠቃል፤ ግን እሷው ናት። ያን ትንፋሽ ጠበቅሁ። አልሰማሁትም። ብመለከት ለካ ልትተነፍስ ስትል ፊቷን ከማይክሮፎኑ ዞር ታደርጋለች። ድሮ ስትቀረጽ ገና ወጣት ስለነበረች ይህን አላወቀችም ነበር ማለት ነው። በዓመታት ውስጥ ትንፋሿን ከሰው መደበቅ ተምራለች። እኔ ግን ከፊት ስለነበርሁ ደረቷ ከፍ ሲል አየሁት።

ሁለት ዘፈን ዘፈነች። ሜዳው ሁሉ ያጨበጭባል፤ የእኛ ረድፍ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይመለከታል። ሦስተኛውን ከመጀመሯ በፊት ውኃ ጠጣችና ወደ እኛ አየች።

«እነዚህ ከፊት ያሉት አባትና እናቶቼ ዛሬ የወደዱኝ አይመስለኝም!» አለች።

ሕዝቡ ሳቀ። ወዲያው የሚያውቁት የማያውቁትን ዝም ሲያሰኙ፣ ሳቁ ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ። እንዲያ ያለ ጸጥታ መድረክ ላይ ላለ ሰው ከባድ ነው። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። በደል የፈጸመች መስሏት ወደ ክራር መቺው ዞረች።

አጨበጨብሁ። ለብቻዬ። እጄ ደረቅ ነው፤ ድምፁ እንደ እንጨት ነበር። እሷ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችኝና ክራሩ ቀጠለ።

መምህር ዓይናቸውን ገልጠው ያዩኝ ነበር። ብዙ አዩኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «እህቴ፣ አውቀውት እንደሆነ… መኪና ይገኛል። አሁኑኑ መነሣት ይቻላል» አሉኝ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያደረግሁት ሁሉ ዝምታ ብቻ ነበር። ዝምታ በእኛ አገር አያስወቅስም።

«የምን መኪና?» አልኋቸው።

መምህር ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። ብርድ ይዟቸው እንደሚንቀጠቀጡ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ለእሳቸውም ጓደኛቸው ነበር የሞተው። አንድ ዘፈን ሙሉ ከቆዩ በኋላ፣ «የሚወዱት የትኛውን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«የመጀመሪያው ካሴት ላይ ያለውን። ገና አልዘፈነችውም።»

«እንግዲያው እንጠብቃለን» አሉ።

ጠበቅን። ሁለት ሌላ ዘፈን አለፈ። ከዚያ እሱን ዘፈነችው። ሰማሁት። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለም። ከማስታውሰው አጭር ነበር። ሕዝቡ ከእሷ ጋር እየዘፈነ ድምጿን ሸፈነው። እኔም በጆሮዬ ሰማሁ እንጂ ልቤ ወገዳ ነበር፤ ማን አጠበው፣ ማን ገነዘው፣ ሚስቱ ብቻዋን ምን ትሠራለች እያልሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የፈለግሁት ሰዓት በእጄ ገብቶ እንዴት እንደሚያዝ ጠፋኝ። የእህቴ ልጅ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። ለማያውቅ ሰው ዘፈኑ የነካት ትመስላለች።

«ይበቃል» አልሁ። ገና ፀሐይ ሳትገባ ተነሣን። ሌላ ዘፈን ጀምራ ነበር።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ለብሼ ተቀምጬ ነበር። ያጎቴ ልጅ ከእስቴ ደርሷል። የዕድሩ ሴቶች በግራና በቀኜ ሆነው ክንዴን ያዙ። መምህር ፊት ለፊቴ ቆሙና ስለ አዳም መሞት፣ ስለ ሁላችንም መንገደኝነት ጀመሩ። በብርዱ ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር፤ በየመሐሉ ይሰልላል። አቋርጫቸው «አውቃለሁ» ማለት እችል ነበር። ግን ከትናንት ጀምሮ ተሸክመውት ውለዋል፣ ተሸክመውት አድረዋል። አንድ ሰው ይህን ያህል የተሸከመውን እሱው ያውርደው ብዬ እስኪጨርሱ ዝም አልሁ። የወንድሜን ስም ሲጠሩ ጮኽሁ። ልቅሶው የውሸት አልነበረም። የዘገየ ነበር እንጂ።

ዕድሩ ባቆመው መኪና ወደ ስማዳ ተጓዝን። መንገዱ የታወቀ ነው፤ እየወጣ እየወረደ አጥንት ይለያያል። ጎኔ የተቀመጠችው የእህቴ ልጅ «እትዬ… ያውቁ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«የለም፣ ምንም» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔው ነኝ ያሳደግኋት።

ስንደርስ ተቀብሯል። አፈሩ እርጥብ ነው፤ በላዩ ድንጋይ ደርድረውበታል። ሚስቱ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ፣ «ምናለ ትንሽ ቀደም ብትዪ ኖሮ…» ማለት ጀመረች። አንዲት ሴት እጇን ነካቻት። አልጨረሰችውም።

የሞተው ቅዳሜ ማለዳ ነው። ይህን ነግረውኛል። ቅዳሜውኑ ቀብረውት ከሆነ፣ ሙዚቃ ቤቱ ዝም ባለበት ደቂቃ ተነሥቼ ብበር እንኳ አልደርስም ነበር። እሑድ ጠዋት፣ ከቅዳሴ በኋላ ቀብረውት ከሆነ ግን፣ መምህር መኪና አለ ባሉኝ ሰዓት ብነሣ ፊቱን አይ ነበር። ከሁለቱ አንዱ ነው። መምህር ያውቃሉ። የእህቴ ልጅ ታውቃለች። ፊት ለፊት ያለው ጎረቤቴም ሳያውቅ አይቀርም፤ ከሦስት ቀን በኋላ ሙዚቃ ቤቱን ሲከፍት የዘፋኟን ካሴት ከመደርደሪያው አውርዶት ነበር፤ እስከ ዛሬም ሲያጫውተው ሰምቼ አላውቅም። ከተማው በሙሉ ያውቃል ማለት ነው። ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

መምህር አሁን በጣም አርጅተዋል። አንዳንድ ቀን በከዘራ እየተደገፉ መጥተው በረንዳዬ ላይ ይቀመጣሉ። በቅርቡ አንድ ቀን፣ «ያን ቅዳሜ…» ብለው ጀመሩ። ሳይሞቱ ሊያወርዱት የፈለጉት ነገር እንደነበር ገባኝ።

«የስማዳ ገብስ ዘንድሮ እንዴት ነው አሉ?» አልኋቸው።

ጥቂት አዩኝ።

«ደህና ነው ይላሉ» አሉ። «ዝናቡ ትንሽ ዘግይቶበታል እንጂ፣ ደህና ነው።»